አባ ሉሲየን ማት፤ የመጀመሪያው ኮሌጃችን አስተዳዳሪ

በዚህ ዓምድ የቅዱሳንን፣ የሰማዕታትንና የሐዋርያዊ መልእክተኞችን ሕይወት በየጊዜው ስናቀርብላችሁ ቆይተናል። በዚህ እትም የምንተርክላችሁ ሰው ስማቸው በመዝገበ ቅዱሳን አልሰፈረም፤ በሀገራችን ባገለገሉባቸው ዓመታትም በአደባባይ የመስበክ ፈቃድ አልነበራቸውም። ካህን ነበሩ፤ ልብሰ ክህነት ግን አይለብሱም ነበር። እኒህ ሰው የኢየሱስ ማኅበር አባል የነበሩት ካናዳዊው አባ ሉሲየን ማት ናቸው። ብዙዎች የሚያውቋቸው ዶክተር ማት በሚለው መጠሪያ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ታላቅ የትምህርት ተቋም መሠረቱ ሲጣል የመጀመሪያው አስተዳዳሪ እሳቸው ነበሩ።

ከያቤሎ ሆነን ስለ አዲስ አበባ ኮሌጅ መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። በቁምስናዎቻችን ከካቴኪስቶች ጋር በተሰበሰብን ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ቤተ ክርስቲያን በብዙ ድካም ትምህርት ቤት ታቋቁማለች፤ ከሚማሩት ልጆች የሚበዙት ግን የእኛ ምእመናን አይደሉም፤ ተምረው ከጨረሱ በኋላም ወደ ከተማ ይሄዳሉ እንጂ ወደ ጸሎት ቤታችን አይመጡም። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ስብከተ ወንጌል ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ቅን ነው። በዓመቱ መጨረሻ የምንሞላው ቅጽም የተጠመቁትን፣ የንኡሰ ክርስቲያንን፣ የተጋቡትንና በትምህርት ቤት የተመዘገቡትን ቁጥር ይጠይቀናል እንጂ አንድ መምህር በተማሪው ልብ ውስጥ ምን እንዳኖረ የሚጻፍበት ረድፍ የለውም። የአባ ማት ሕይወት ይህን ጥያቄ ከእኛ በባሰ ሁኔታ የተሸከመ ሕይወት ነውና ቀርበን እንመልከተው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የኢየሱስ ማኅበር አባላት ወደ ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1557 ከአቡነ አንድርያስ ኦቪየዶ ጋር ነበር፤ እኒህ ጳጳስ በትግራይ በፍሬሞና በድኽነትና በስደት ኖረው አረፉ። እ.ኤ.አ. በ1603 የገቡት አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ደግሞ ግዕዝንና አማርኛን የተማሩ፣ ትዕግሥተኛና ትሑት ሰው ነበሩ፤ የዐፄ ሱስንዮስን ልብ የሳቡትም በዚህ ጠባያቸው ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክ እምነታቸውን በአዋጅ ገለጡ፤ አባ ጴጥሮስም በዚያው ዓመት ዐረፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የዚያ ትዕግሥት ወራሽ አልሆኑም። ካህናቱ ክህነታቸውን እንደገና እንዲቀበሉ፣ ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ፣ ጾሙና የዘመን አቆጣጠሩ እንዲለወጥ አስገደዱ። ሕዝቡ ተነሣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ፋሲልም ኢየሱሳውያንን ከሀገር አስወጡ። እኛ ካቶሊኮች ይህን ታሪክ ስንናገር ጥፋቱን ሁሉ በሌላው ላይ ማሳረፍ ይቀናናል፤ የጴጥሮስ ፓኤዝን ሥራ ያፈረሰው ግን በመጀመሪያ ደረጃ የራሳችን ወገን ችኮላና ትዕቢት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ከላዛሪስት ማኅበር፣ ከእሳቸውም በኋላ ካፑቺኑ ጳጳስ አቡነ ማስያስ መጥተው የካቶሊክ እምነት በሰሜንም በኦሮሞ ምድርም እንደገና ሥር ሰደደ። የኢየሱሳውያን ስም ግን በሀገሪቱ ትዝታ ውስጥ የዚያ የደም ዘመን ምልክት ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ከማኅበራት ሁሉ መርጠው እነዚህኑ ሰዎች እንደገና የጠሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መሆናቸው ሊያስደንቀን ይገባል።

ንጉሠ ነገሥቱ ለምን ይህን አደረጉ? የጣልያን ወረራ ባበቃ ጊዜ ሀገሪቱ ከተማሩ ልጆችዋ ብዙዎቹን አጥታ ነበር፤ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ወራሪው የተማረውን ወጣት እየመረጠ ፈጅቶአል። ትምህርት ቤቶችን እንደገና ለማቆም የውጭ መምህራን አስፈላጊ ነበሩ፤ ነገር ግን ከእንግሊዞች ብቻ መውሰድ ለእንግሊዝ ተጽዕኖ በር መክፈት ነበር። ካናዳ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት አልነበራትም። የኩቤክ ኢየሱሳውያን ደግሞ ፈረንሳይኛም እንግሊዝኛም የሚያውቁ፣ በማስተማር የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1945 ተጋብዘው መጡና ንጉሠ ነገሥቱ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1917 ዓ.ም. የመሠረቱትን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተረከቡ። ዳይሬክተሩም አባ ሉሲየን ማት ሆኑ።

ግብዣው ሁኔታ ነበረበት። የሚመጡት እንደ መምህራን እንጂ እንደ ሰባክያን አይደለም፤ በተማሪዎች መካከል ሃይማኖታቸውን አያስፋፉም፤ የካህን ልብስም አይለብሱም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች ደንብ ሀገሪቱን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ባለችበትና ለሚስዮን ሥራ ክፍት በሆነው ሁለት ወገን ከፍሎ እንደነበር አንባብያን ያስታውሳሉ። በደቡብ ብዙ ሚስዮኖች በዚያ ደንብ መሠረት ትምህርት ቤትና ክሊኒክ እየከፈቱ ስለ እምነታቸውም ሊያስተምሩ ችለዋል፤ የኢየሱሳውያኑ ሁኔታ ግን ከዚህም የጠበቀ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች ሆነው፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በከረባትና በኮት ይቆማሉ። ስለዚህ ነው አባ ማት በሕዝብ ዘንድ አባ ሳይሆን ዶክተር የተባሉት።

ልብስ ማውለቅ ቀላል ነገር ይመስላል። ካህን የሆነ ግን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ ልብሰ ክህነት ለባለቤቱ ማንነቱን በየዕለቱ የሚያሳስብ፣ በመንገድ ላይም ሰው ቀርቦ ቡራኬ እንዲጠይቀው በር የሚከፍት ነው። በእርግጥ የማኅበሩ መሥራች ቅዱስ ኢግናጢዮስ ለልጆቻቸው የተለየ የማኅበር ልብስ አልደነገጉላቸውም። በቻይና ማቴዎስ ሪቺ የሊቃውንቱን ልብስ ለብሰው፣ በደቡብ ሕንድ ሮቤርቶ ደ ኖቢሊ የባሕታውያኑን ልብስ ለብሰው ኖረዋል። ይሁን እንጂ እነዚህ ልብሳቸውን የለወጡት ለመስበክ እንዲያመቻቸው ነበር። አባ ማትና ጓደኞቻቸው ግን ልብሳቸውን ያኖሩት ላለመስበክ ነው። በማኅበሩ ታሪክ ይህን የመሰለ ትእዛዝ የተቀበሉ ጥቂቶች ይመስሉናል።

በተፈሪ መኰንን የተሠራው ሥራ ብዙ ተጽፎበታልና አናስረዝመውም። ትምህርት ቤቱ በኢየሱሳውያኑ እጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከሚሰጡት የሀገሪቱ ዋና ዋና ትምህርት ቤቶች አንዱ ሆነ፤ የአዳሪ ቤት ሥርዓቱ፣ የሰዓት አክባሪነቱና የፈተናው ጥብቅነት የታወቀ ነበር። በደርግ ዘመን ስሙ ወደ እንጦጦ መለወጡን አዲስ አበባ የተማሩ አንባብያን ያውቃሉ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለአባ ማት ከበፊቱ የሚከብድ አደራ ሰጡአቸው፤ የሀገሪቱን የመጀመሪያ ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ። ጉዳዩ መጋቢት 11 ቀን 1942 ዓ.ም. ይፋ ሆነ፤ በ1943 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ትምህርት ተጀመረ፤ የካቲት 20 ቀንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በይፋ ተመረቀ። ዩኒቨርሲቲው ስለ ራሱ በሚሰጠው ታሪክ በመጀመሪያው ጊዜ የተቀበላቸው ተማሪዎች 33 ነበሩ። ሠላሳ ሦስት! ዛሬ በአንድ የገጠር ጸሎት ቤታችን እሑድ የምንቆጥራቸውን ሕፃናት ያህል ማለት ነው። መጀመሪያ የታሰበው የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ ኮሌጅ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ትምህርቱ ወደ ሙሉ ዲግሪ አደገ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1946 ዓ.ም. ኮሌጁ ቻርተር ተሰጠው።

ኮሌጅ ማቋቋም ሕንፃ መሥራት ብቻ አይደለም። መጻሕፍት አልነበሩም፤ የላቦራቶሪ ዕቃ አልነበረም፤ በዚያ ደረጃ ማስተማር የሚችል ኢትዮጵያዊ ቢገኝም ወዲያው ለመንግሥት ሥራ ይፈለጋል። ስለዚህ አስተዳዳሪው መምህራንን ከልዩ ልዩ ሀገሮች መሰብሰብ ነበረባቸው፤ በአራት ኪሎው ግቢ ከራሳቸው ማኅበር አባላት ጋር የሌላ ሀገር፣ የሌላ እምነት፣ እምነትም የሌላቸው ሰዎች ጎን ለጎን ያስተምሩ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኮይናትስኪ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱን ያደራጁ፣ የሀገሪቱን ባሕላዊ ዕቃዎችና ሥዕሎችም እየሰበሰቡ በኋላ ሙዝየም የሆነውን ክምችት የጀመሩ እሳቸው ናቸው። ሌላው ከማኅበሩ አባላት አባ ፒየር ጉዌን ናቸው። አዲስ አበባ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ከሚያልፍበት አቅራቢያ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ይህ ለሳይንስ ብርቅ ስፍራ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በሚከበርበት ጊዜ አባ ጉዌን በኮሌጁ ውስጥ የምልከታ ጣቢያ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1961 በካራቆሬ አካባቢ ማጀቴን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ ሀገሪቱ ነገሩን የሚያጠናላት ሰው ነበራት። አባ ጉዌን ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1979 ታትሞአል።

ኮሌጁ የማታ ትምህርትም ከፍቶ ነበር። ቀን በመሥሪያ ቤት የዋሉ ጸሐፊዎችና መምህራን ማታ መጥተው ይማሩ ነበር። እኛ ይህን የምናነሣው ካቴኪስቶቻችን ቀን ከብት ጠብቀው፣ እርሻ አርሰው ማታ በፋኖስ የሚያስተምሩና የሚማሩ ስለሆኑ ነው፤ የተማሪነት ዕድሜ አለፈን የሚሉ ወንድሞች በዚያ ዘመን አዲስ አበባም እንደ እነርሱ ያሉ ሰዎች እንደነበሩ ይወቁ።

ለእኛ ለደቡብ ሰዎች ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነው። በ1950ዎቹ፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ማለታችን ነው፣ የኮሌጁ ተማሪዎች የኢትዮጵያን ሕዝቦች ባሕል የሚያጠና ማኅበር መሥርተው መጽሔት ያወጡ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡት ወጣቶች ወደየሀገራቸው ሲመለሱ የአባቶቻቸውን የጋብቻ፣ የለቅሶ፣ የዳኝነትና የእርሻ ልማድ ጠይቀው እየጻፉ ያመጡ ነበር። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው የአያቱን ወግ እንደ ኋላቀርነት ቆጥሮ ሊያፍርበት ይቃጣው እንደነበር የሚያውቅ ሰው የዚህን ማኅበር ዋጋ አያቃልልም። የሚበልጠው ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ግቢ ውስጥ የገጠር ሽማግሌ ቃል በጽሑፍ ሊሰፍር የሚገባው ዕውቀት ሆነ። የቦረናን ገዳ ለዓለም ያስተዋወቀው የአስመሮም ለገሠ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1973 በታተመ ጊዜ የዚህ ዓይነቱ ጥናት በሀገራችን እንግዳ ነገር አልነበረም።

ይህን ሁሉ ስንል የኮሌጁን ዘመን እንከን የለሽ አድርገን ለማቅረብ አይደለም። አስተዳደሩ እንደ አዳሪ ትምህርት ቤት አስተዳደር ጥብቅ ነበር። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ የመኝታ ሥርዓት፣ የተማሪዎች ስብሰባና ጽሑፍ ሁሉ በአስተዳደሩ ዓይን ሥር ነበር። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ እንደ ሕፃናት መቆጠራቸውን ይቃወሙ ነበር፤ ተቃውሞአቸውም ፍትሐዊ ገጽታ እንደነበረው መካድ አይገባም። አባት ልጁን ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ልጁ ማደጉን ሳያውቅ ይቀራል፤ ይህ በሴሚናሪዎቻችንም የኖረ ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል የሚወጣው የተማሪዎች ጋዜጣ እንደ በዓሉ ግርማ ያሉ ጸሐፊዎች ብዕራቸውን የሞከሩበት እንደነበር ስናስብ፣ ጥብቅነቱ ሁሉንም አፍ ዘግቶ እንዳልነበር እንረዳለን።

እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ የነፃ ትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም የአፍሪካ ሀገሮች ተማሪዎች መጡ። እነዚህ የነፃነት ትግል ወሬ ይዘው የመጡ ወጣቶች ከኢትዮጵያውያን ጓደኞቻቸው ጋር በአንድ ማደሪያ ኖሩ፤ የኢትዮጵያውያኑም ጥያቄ ከግቢው አጥር ወጥቶ ስለ ሀገር መሆን ጀመረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት በሞከሩ ጊዜ የኮሌጁ ተማሪዎች ለድጋፍ ሰልፍ ወጡ። ዙፋኑ ለሀገር ልማት ብሎ ያቆመው ቤት የዙፋኑን ጠያቂዎች አሳደገ። አንዳንዶች ይህን የኮሌጁ ውድቀት ይሉታል። እኛ ግን ማስተማር ከተጀመረ በኋላ ተማሪው ምን እንዲያስብ መወሰን ለመምህሩ አይቻለውም እንላለን፤ ይህን አስቀድሞ የማይቀበል ሰው ትምህርት ቤት ባይከፍት ይሻለው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የኮሌጁ ዘመን አበቃ። መንግሥት በአዲስ አበባ፣ በዓለማያና በጎንደር የነበሩትን ኮሌጆች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ለማዋሐድ ወሰነ፤ ዕቅዱም የአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ባደረጉት ጥናት ተረዳ። ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። አዲሱ ተቋም በኢየሱሳውያን አስተዳደር ሥር አልሆነም፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ሆኑ። አባ ማት ከ33 ተማሪዎች ጀምረው ያሳደጉትን ቤት አስረክበው ሄዱ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት እንወዳለን። በዱብሉቅና በሌሎቹ የቱላ ጉድጓዶች ዘንድ ያደጉ አንባብያን እንደሚያውቁት፣ የጉድጓዱ ባለቤትነት መጀመሪያ ላስቆፈረው ለአባ ኮንፊ ነው፤ ስሙም ከትውልድ ወደ ትውልድ ይጠራል። የየዕለቱን የውኃ ተራ የሚመራው ግን አባ ሄሬጋ ነው። ከአንገት በላይ ጥልቀት ወርዶ፣ ድንጋይ ፈልጦ ውኃ ያወጣ ሰው ጉድጓዱ በሌላ ሰው ትእዛዝ ሲመራ ማየት አይከብደውም ብንል ሐሰት ይሆናል። በቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ካህን የሠራውን ክሊኒክ ወይም ያቋቋመውን ትምህርት ቤት ለተተኪው ሲያስረክብ የሚሰማውን እናውቃለን፤ ቁልፉን ቢሰጥም ልቡን ሳያስረክብ ከሩቅ የሚያዝዝ ብዙ ነው። የኢየሱሳውያኑ አወጣጥ እንዲህ አልነበረም። ማኅበሩ ከአስተዳደሩ ወረደ፤ አባላቱ ግን ተቀይመው አልሄዱም። አባ ጉዌን የምልከታ ጣቢያቸውን ይዘው ቀጠሉ። በ1953 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የፍልስፍና መምህር አባ ክላውድ ሳምነርም በሌሎች አስተዳደር ሥር፣ በአብዮቱም ዘመን ጭምር፣ እንደ ተራ መምህር ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። አባ ማት በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስንት ሰው አጠመቁ? የመጡበት ስምምነት እንዲህ ያለውን ቁጥር የሚከለክል ነበር። አንድ ሰው ይህን ሲሰማ ካህኑ ጊዜአቸውን አባከኑ፣ ያንኑ ሥራ ምእመን ሊሠራው ይችል ነበር ሊል ይችላል። ክርክሩ ክብደት አለው። ቅዱስ ጳውሎስ ወንጌልን ባልሰብክ ወዮልኝ ማለቱን የማናስታውስ አይደለንም፤ የተሾመ ካህን አፉን ዘግቶ እንዲኖር መስማማቱ ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ለሁሉ ቦታና ለሁሉ ካህን የሚሆን ሥርዓትም አይደለም። በቦረና ቆላ የሚደክሙት ካህናትና ካቴኪስቶች በዚያ መንገድ ቢሄዱ ኖሮ ዛሬ የሚጸልዩ ማኅበሮቻችን ባልኖሩ ነበር።

ነገር ግን የአባ ማትን ውሳኔ ከዚያ ከሦስት መቶ ዓመት ቁስል ለይተን ብንመዝነው እንሳሳታለን። ሀገሪቱ ኢየሱሳውያንን የምታውቃቸው በቤተ መንግሥት ገብተው ሕዝቡን ሳያሳምኑ ሃይማኖቱን ለመለወጥ የሞከሩ ሰዎች አድርጋ ነው። ዳግመኛ በቤተ መንግሥት ጥሪ ሲመጡ ሊሰጡ የሚችሉት ትልቁ ምስክርነት ቃልን መጠበቅ ነበር። በእጃቸው የሀገሪቱ ምርጥ ወጣቶች ነበሩ፤ አስተዳዳሪው፣ ፈታኙ፣ የመኝታ ቤቱ ኃላፊ እነርሱ ናቸው። ያንን ሥልጣን ለሃይማኖት ማስፋፊያ ሊጠቀሙበት ቢፈልጉ በስውር የሚሆንበት መንገድ አይጠፋም ነበር። የአንድ ኦርቶዶክሳዊ ወይም የአንድ እስላም ወላጅ ልጁን በካቶሊክ ካህን እጅ አስቀምጦ በሰላም የሚተኛው ያ ሥልጣን ለዚህ እንደማይውል ሲያምን ነው። ሜንዴዝ ያፈረሱትን እምነት የሚጠግነው ስብከት ሳይሆን ይህ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጥገና ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ ገና አልተጀመረም ነበር። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965 ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው መግለጫ ማንም ሰው ከኅሊናው ውጭ እንዲያምን መገደድ እንደሌለበት ለዓለም ሁሉ አስታውቆአል፤ እምነትን በማስፋፋት ረገድም ማስገደድ ወይም ተንኰል ያለበትን አካሄድ ሁሉ አውግዞአል። አባ ማት ኮሌጁን ያስረከቡት ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጉባኤው በጽሑፍ ያሰፈረውን እነርሱ በአራት ኪሎ ግቢ በሥራ ኖረውታል ማለት ማጋነን አይሆንም።

የኮሌጁ ፍሬ የት እንደደረሰ በሙሉ መከተል አይቻልም። በዚያ ከተማሩት መካከል ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ከልጅ ካሣ ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆነዋል፤ እንግዲህ ተማሪው በመምህሩ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሃያ ዓመት አልፈጀበትም። ሌሎች መምህራን፣ ዳኞች፣ መሐንዲሶች፣ ሚኒስትሮች ሆኑ፤ በአብዮቱ ዘመንም በሁሉም ወገን ተሰልፈው የተገኙ፣ የታሰሩ፣ የተሰደዱና የሞቱ ብዙ ናቸው። ኢየሱሳውያኑ በደብረ ዘይት ያቋቋሙት የገሊላ የሱባዔ ቤት ደግሞ ለካህናትና ለደናግል ሁሉ ክፍት ሆኖ ኖሮአል፤ ከእኛም ሱባዔ ያልያዘበት ጥቂት ነው።

አባ ሳምነር የኢትዮጵያን ፍልስፍና በብዙ ቅጽ ካሳተሙ በኋላ በሽምግልናቸው ወደ ኦሮሞ ቃላዊ ጥበብ ፊታቸውን መልሰው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ተረት በሦስት ቅጽ አሳተሙ። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አባ ማትም ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በዚያው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኖአል።

ዛሬ በያቤሎ የቦረና ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በቡሌ ሆራም እንዲሁ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶአል። በአባ ማት ዘመን ከዚህ አካባቢ አንድ ልጅ ኮሌጅ ለመግባት አዲስ አበባ ድረስ የሚጓዘው በአቧራማ መንገድ ብዙ ቀን በጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ ነበር። አሁን ከየክልሉ የመጡ ተማሪዎች እሑድ እሑድ በጸሎት ቤታችን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹ ካቶሊኮች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጓደኞቻቸውን ተከትለው የመጡ ናቸው። ከካቴኪስቶቻችን ሁለቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለእነዚህ ተማሪዎች ሒሳብና እንግሊዝኛ ማስጠናት ጀምረዋል፤ የሚመጣውንም ሁሉ ሃይማኖቱን ሳይጠይቁ ይቀበላሉ። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ የጎደላቸው ስለሆነ ሊረዳ የሚወድ ምእመን ወደ ቁምስናው ጽሕፈት ቤት ሊያመጣላቸው ይችላል።